ሦስት ቁልፍ ያለው ኮምፒውተር

መሐል ሜዳ ከተማ የሚወራውን ብታምኑ፣ መርስዔ ኃዘን ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ጋኔን አስሮ አስቀምጧል። ጋኔኑ የሚኖረው የበግ ጠጉር ባና በለበሰች ጥቁር ሣጥን ውስጥ ነው። ቀን ከሌት ያጉረመርማል፤ አረንጓዴ ዓይኑን ያርገበግባል፤ ሽማግሎች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ካልደገሙለት አፉን አይከፍትም። ሻይ ቤት ያላት ይዘንጋሽ ደግሞ «ረቡዕና ዓርብ እንኳ ሥጋ ይጠይቃል» ብላ ጨምራበታለች።

እውነት ለመናገር ይህን ማመን ይከብዳል። አንደኛ፣ የመንዝን ብርድ ችሎ የሚከርም ጋኔን ገና አልተፈጠረም። ሁለተኛ፣ መርስዔ ኃዘን ጋኔን ቢኖረው ኖሮ መጀመሪያ የሚያዘው ወረቀት የነከሰውን ፎቶ ኮፒ እንዲያላቅቅለት ነበር። ሰውዬው ግን በሠላሳ አራት ዓመቱ ስድሳ የደፈነ ይመስላል፤ ከዓይኑ ሥር የተንጠለጠለው ከረጢት ግማሽ ቁና ገብስ ይይዛል። ጋኔን የሚያገለግለው ሰው እንዲህ አይደክምም።

ነገሩ የተጀመረው በደህና ነው። የአካባቢው አጥቢያዎች የብራና መጻሕፍታቸውን በስልክ ፎቶ እያነሡ አንድ ቦታ ለማስቀመጥ ተስማሙ። ቦታው የመርስዔ ኃዘን አሮጌ ኮምፒውተር ሆነ፤ ከሞላሌም ከቀየትም አጥቢያ ፎቶው በኢንተርኔት ይላክለታል። በዲቁና ያደገ ሰው ነውና በጥንቃቄ ሠራው። ለእያንዳንዱ አጥቢያ የራሱን መግቢያ ስምና የራሱን ፎልደር ሰጠ፤ አንዱ የሌላውን አያይም፣ ማንም የላከውን መልሶ አይሰርዝም። ፎቶው መንገድ ላይ እንዳይነበብ ተመስጥሮ ብቻ እንዲያልፍ አደረገ። ሦስት ጊዜ የተሳሳተን ሰው ማሽኑ ደጅ ያስጠናዋል። ከየትኛው አገር እንደሆነ የማይታወቅ ሰው ሁሉ «አድሚን ነኝ፣ ክፈቱልኝ» እያለ በቀን አራት ሺህ ጊዜ ያንኳኳል፤ አራት ሺህ ጊዜም ይባረራል።

እሱን የፈጀው የመጨረሻው መቆለፊያ ነው። ማሽኑ ቢሰረቅ ፎቶው ለሌባ እንዳይከፈት ብሎ ዲስኩን በረጅም የይለፍ ቃል ሊቆልፈው ተነሣ። ይህን ለአጥቢያው ሰዎች ሲያስረዳ፣ እሱን ፊደል ያስቆጠሩት መሪጌታ እምሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ የዕቃ ቤታችን ቁልፍ ስንት ነው?»

«ሦስት፣ የኔታ።»

«በስንት ሰው እጅ?»

«በሦስት።»

«ታዲያ መጽሐፉ ዕቃ ቤት ሲሆን ሦስት፣ ሣጥንህ ውስጥ ሲገባ አንድ የሚሆነው በየትኛው ሥርዓት ነው?»

የኔታን ማን ይሞግታል። የይለፍ ቃሉ ሦስት ቦታ ተቆረሰ፤ አንዱ ለመሪጌታ፣ አንዱ ለቄሰ ገበዙ፣ አንዱ ከሰበካ ጉባኤ ለወይዘሮ አማከለች። አንዱ ድርሻውን ሲጽፍ ሌሎቹ ወደ ግድግዳ ይዞራሉ፤ መርስዔ ኃዘንም ይዞራል። «ለእኔም ቅጂ ይሰጠኝ» ማለት ነውር መሰለውና ዝም አለ። ያች ዝምታ ሁለት ዓመት በላችው። መብራት በጠፋ ቁጥር ኮምፒውተሩ ይዘጋል፤ መብራት ሲመለስ ደግሞ ሦስቱ ካልተሰበሰቡ አይከፈትም። እዚህ መብራት ሲጠፋ ደግሞ እንደ ቅዳሴ ሰዓት አክብሮ ነው።

ያለፈው ሐሙስ ግን ባሰ። ጧት መብራት ሄዶ ተመለሰ። ወዲያው ከቀየት አባ ኪዳነ ወልድ ደወሉ። ስፌቱ የተበጠሰ አንድ አሮጌ ገድል ቅጠል በቅጠል ፎቶ እያነሡ ነበር።

«ስልኬ ሞላሁ አለኝ። ያነሣሁትን ልኬ ካላጠፋሁ የቀሩትን አሥራ ሁለት ገጾች ማንሣት አልችልም። ጠራዡ ደግሞ ሊሄድ ነውና ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሰፋዋል፤ ከተሰፋ ወዲያ ወደ ጀርባው የገባው ጽሑፍ አይታይም። ያንተ ቤት ዝግ ነው ይለኛል።»

«አባ፣ ትንሽ ይታገሡኝ።»

መሪጌታን ከጉባኤ ቤት፣ ቄሰ ገበዙን ከገበያ አመጣ። ወይዘሮ አማከለች ሞላሌ ለቅሶ ላይ ናቸው። ደወለ።

«እትዬ አማከለች፣ የእርስዎን ድርሻ ብቻ በስልክ ይንገሩኝ።»

«የዕቃ ቤቱን ቁልፍ በሰው ልኬ አውቃለሁ?»

«አያውቁም።»

«ታዲያ ምን ትነዘንዘኛለህ። እመጣለሁ።»

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሚኒባስ አወረዳቸው። መሪጌታ ብራና የሚጽፉ ይመስል አንዷን ፊደል ነክተው ሁለት ጊዜ እየተመለከቱ ጨረሱ። ቄሰ ገበዙ ተከተሉ፤ ወይዘሮ አማከለች ደመደሙ። ስህተት አለ። እንደገና ጻፉ፤ አሁንም ስህተት።

«ማነው የሚሳሳተው?» አሉ ቄሰ ገበዙ ግድግዳውን እያዩ።

ማንም አላየምና ማንም አያውቅም። መርስዔ ኃዘን ዞር ሲል የወይዘሮ አማከለች ጣቶች በብርድ ሲንቀጠቀጡ አየ። ከማሽኑ ላይ ባናውን ገፎ እጃቸውን ጠቀለለላቸው፤ ጣታቸው እስኪፍታታ ሰባት ደቂቃ ሄደ። በሦስተኛው ተከፈተ።

ፎቶው ከቀየት ይጎርፍ ጀመር። አባ ላኩ፣ አጠፉ፣ አነሡ፣ ላኩ። መርስዔ ኃዘን ቆሞ የቀሩትን ገጾች ቆጠረ፤ አሥራ ሁለት። የመጨረሻው ፎቶ ጥግ ላይ የጠራዡ አውራ ጣትና የመርፌው ጫፍ አብረው ገብተዋል።

ሽማግሎቹን ሸኝቶ ይዘንጋሽ ዘንድ ሄዶ አግዳሚው ላይ ተዘረፈጠ።

«ዛሬም ደገሙለት አሉ» አለች። «ሥጋውን ሰጣችሁት?»

«ይዘንጋሽ፣ ጋኔን የለም» አላት። «የታሰረ ነገር የለም። ማንም አይደግምለትም፤ ሥጋም አይበላም። ኮምፒውተር ነው። ሻዩን ስጪኝ።»