ማኅበራት ሁሉ የተሳተፉበት ጠላ

መተማ ዮሐንስ ላይ ጠላ የሚጠምቅ ወንድ አንድ ብቻ ነበር። አዛናው ይባላል። ነገሩን አስቂኝ ያደረገው ደግሞ ሚስቱ ባየሽ የታወቀች ጠላ ሻጭ መሆኗ ነው። የከባድ መኪና ሾፌሮች፣ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃምና ከወሎ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች፣ የጉምሩክ ሰዎች ሳይቀሩ የሷን ደጅ ይረግጣሉ። እንዲህ ያለ ጠላ ጓዳው ውስጥ ሞልቶ ሳለ ባልየው በርሜል ላይ አጎንብሶ ሲያማስል ያየ ሰው ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

«ቀሚሴን ላውስህ?» ትለዋለች ባየሽ። «ወገቡ ላይ እንዳይጠብህ ብቻ።»

«ይሄ ጠላ አይደለም አልኩሽ እኮ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«የገዳም ቢራ ነው።»

«የትኛው መነኩሴ ነው ይሄን ጠጥቶ ማሕሌት የሚቆመው?»

ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። አዛናው ወጣትነቱን ያሳለፈው ድንበር ተሻግሮ ገዳሪፍ ላይ፣ በአንድ የካቶሊክ ሚሲዮን ወጥ ቤት ውስጥ ነው። እዚያ አባ ሉካስ የሚባሉ የቤልጅግ ሰው፣ ሽማግሌ መነኩሴ ነበሩ። ያደጉበት ገዳም የሚተዳደረው ቢራ ጠምቆ በመሸጥ ነው፤ ቢራውም እንደ ውሃ የሚጨለጥ ቀጭን ነገር አይደለም። ጥቁርና ወፍራም ነው፤ ሲቀምሱት ቴምርና ያረረ ስኳር ያስታውሳል፤ ጠጪውን ሳያስጠነቅቅ ጉልበቱን ይይዘዋል። አባ ሉካስ በገዳሪፍ ሙቀት ውስጥ እንኳ ይህን ልማድ አልተዉም። አዛናውም ድስት እያጠበ ሙያውን በዓይኑ ለቀመ።

በ1976 መጀመሪያ ሱዳን መጠጥን በሕግ ስትከለክል መነኩሴው በርሜላቸውን በገዛ እጃቸው ደፉ። ከሥር የቀረውን አተላ ግን በጠርሙስ ቀድተው ለአዛናው ሰጡት።

«አንተ ወደ ሀገርህ ተሻገር» አሉት። «እርሾው እዚህ ከቆየ ይሞታል።»

ኬላው ላይ ፈታሹ ጠርሙሱን አሽትቶ ፊቱን አጨማደደና «ምንድን ነው?» ቢለው፣ አዛናው «የሆድ መድኃኒት ነው» ብሎ አለፈ። ብዙም አልዋሸም።

አሠራሩ ሊታወቅ የሚገባው ነውና ቀስ ብለን እንየው። ጠላ የሚያውቅ ሰው ግማሹን ያውቀዋል፤ ብቅልም አለ፣ ጌሾም አለ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ባየሽ ብቅሏን፣ ቂጣዋንና የቆላችውን እህል አንድ ላይ ትደፈድፋለች። አዛናው ግን ከጭልጋ ያስመጣውን የገብስ ብቅል ከክቶ በሙቅ ውሃ ይዘፈዝፈዋል። ውሃው ጣት ሲገባበት «ኧረ!» የሚያሰኝ፣ ግን ያልፈላ መሆን አለበት። ከፈላ ብቅሉ ይሞታል፤ ከበረደ ጣፋጩ አይወጣም። ከዚያ ያጠልለውና ጭማቂውን ብቻ ከጌሾ ጋር ያፈላዋል። ቀጥሎ የሥራው ጌጥ ይመጣል። ስኳር በብረት ድስት ይቀልጣል፤ ቢጫ ይሆናል፣ ቡናማ ይሆናል፣ ሊቃጠል አንድ ትንፋሽ ሲቀረው ፈሳሹ ላይ ይገለበጣል። ጭሱ ሰፈሩን ያስነጥሳል፤ ቀለሙ ግን ሲያዩት ያጓጓል! ሲበርድ እርሾው ይገባበታል፤ ያጉረመርማል፣ አረፋ ያወጣል፣ በመጨረሻ ይሰክናል። ያን ጊዜ በጠርሙስ ይሞላና በየጠርሙሱ ጥቂት፣ በጣም ጥቂት ስኳር ይጨመርበታል። እርሾው ያችን ስኳር ይበላና አየር ይሠራል፤ ጠርሙሱ በቡሽና በሽቦ ስለታሰረ አየሩ መውጫ አጥቶ መጠጡ ውስጥ ይቀራል። ቡሹ ሲነቀል የሚፍለቀለቀው እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚፈለገው ቀዝቃዛ ቤት ነው። መተማ ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር ሊገኝ ይችላል፤ ቀዝቃዛ ቤት ግን አይገኝም።

አዛናው ቅዝቃዜውን ቆፍሮ አወጣው። ከጓሮው ያለውን ተዳፋት ሰርስሮ ግማሹ መሬት ውስጥ የገባ ክፍል ሠራ። ግድግዳውን በሰሊጥ አገዳና በጭቃ ደረበ፤ ጣሪያው ላይ ሣር ከመረ፤ በሩ ላይ እርጥብ ጆንያ ሰቀለ። ውጭ ውሻ ምላሷን ጥላ ስታለከልክ እዚያ ውስጥ የገባ ሰው ጋቢ ያምረዋል። ባየሽ በሰው ፊት እየሳቀችበት፣ በስውር ግን ቅቤዋን እዚያ ማስቀመጥ ጀመረች።

ክፉ ነገሩ፣ የዚህን ክፍል ወሬ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሸጋውም ሰማ።

በ1979 ክረምት አንድ ቀን ላቡን እየጠረገ መጣና ጆንያውን ገልጦ ገባ። ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ቆየ።

«ይሄ ትርፍ ቤት ነው» አለ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ቤት አይደለም፤ ጉድጓድ ነው።»

«በር አለው?»

«አለው።»

«ጣሪያስ?»

«እሱም አለው።»

«የምትተኛው እዚህ ነው?»

«አይ፣ እዚያኛው ቤት ነው።»

«ታዲያ ትርፍ ነዋ! በአዋጁ መሠረት ይወረሳል። የውይይት ክበብ እናደርገዋለን።»

ማን እዚያ ገብቶ ሊወያይ እንዳሰበ ከሊቀመንበሩ ፊት ላይ መድረቅ ከጀመረው ላብ ይታወቅ ነበር። አዛናው ጨነቀው። ክፍሉ ከሄደ ቢራው ሄደ፤ እርሾውም የመተማን ሚያዝያ ውጭ አይችለውም። ሌላ ዘዴ ሲያጣ አምና የሞላውን አንድ ጠርሙስ ከፈተለት። ሸጋው አንዱን ብርጭቆ ተጠራጥሮ፣ ሁለተኛውን አመስግኖ ጠጣ፤ ሦስተኛውን ጠጥቶ ሊነሣ ሲል ጉልበቱ እንቢ አለው። እንደ ተቀመጠ ፈረደ።

«ስማ። መስከረም ላይ ሪፐብሊኩ ሲመሠረት ከበላይ አካል እንግዳ ይመጣል። ሌላው ቀበሌ በሬ ይጥላል፤ እኛ ይሄን እናቀርባለን። እንግዳው ከተደሰተ ክፍሉ ባንተ እጅ ይቆያል። ካሳፈርከኝ ቁልፉን ታመጣለህ።»

«ተማም» አለ አዛናው፤ ከገዳሪፍ ይዟት የመጣትን፣ «እሺ፣ ይሁን» ለማለት የሚላትን ቃል።

የገዳም ቢራ ግን በአብዮት መድረክ ላይ እንዲሁ አይወጣም። ኮሚቴ ተሰበሰበ። የወጣቶች ማኅበር ሊቀመንበሩ ቸሩ ቀድሞ ተነሣ።

«የመነኩሴ መጠጥ? ሕዝቡ ምን ይለናል? ስሙ ይቀየር!»

ብዙ ከተከራከሩ በኋላ «የሠርቶ አደር ወኔ» ተባለ። የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ አየሁሽ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አነሣችው።

«ጥቁር ነው እኮ። ለቅሶ ልንደርስ ነው እንዴ? ቀይ ይሁን።»

«እትዬ አየሁሽ፣ ቀለሙ ከስኳሩ ነው የሚመጣው» አላት አዛናው።

«እንግዲያው ስኳሩ ይንቃ!» አለ ቸሩ፤ ተጨበጨበ።

አዛናው እያዘነ ስኳሩን ማሳረር ተወና ከርከዴ አፍልቶ ጨመረበት። ከርከዴ ከሱዳን ሰው ሻይ ቤት የማይጠፋው ቀይ አበባ ነው። እውነቱን ለመናገር ቀለሙ እንደ ሮማን ሆነ፤ ጎምዘዝ ማለቱም አልከፋም። አዛናው ሲቀምሰው ሐዘኑን ረስቶ ምላሱን አጮኸ።

መከራው የመጣው በጠርሙስ መሙያው ቀን ነው። ሸጋው ሥራው የወል መሆን አለበት ብሎ የማኅበራቱን መሪዎች ይዞ መጣ። አዛናው ጠርሙሶቹን ደርድሮ፣ አንዲት የሻይ ማንኪያ ይዞ፣ ስኳሩ ለምን ትንሽ መሆን እንዳለበት እያስረዳ ነበር። አየሁሽ ማንኪያዋን ከቤቷ ይዛ መጥታለች።

«ሴቶች ያልተሳተፉበት ድል የለም» ብላ በየጠርሙሱ አንድ አንድ ማንኪያ ጨመረች።

ቸሩ ቀጠለ። «ወጣቱማ ከኋላ ሊቀር ነው?»

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ገብረማርያም ማንኪያቸውን ከኮታቸው ኪስ አወጡ። የሾርባ ማንኪያ ነው።

«ኧረ በጌታ!» አለ አዛናው። «አንድ ማንኪያ ብቻ ነው የሚችለው።»

«ትክክል ብለሃል» አለ ሸጋው በትዕግሥት። «ታዲያ የትኛው ማኅበር ይቅር?»

ሦስቱም አዛናውን አዩት። ሴቶቹን ቢል፣ የኅብረት ሱቁ ስኳር በአየሁሽ እጅ ነው። ወጣቶቹን ቢል፣ ቸሩ በየስብሰባው ስሙን ያነሣዋል። ገበሬውን ቢል፣ ብቅሉ ከማን ይመጣል?

«ሁሉም ይሳተፍ» አለ፤ የራሱን ማንኪያ አስቀምጦ።

በር ላይ የቆመችው ባየሽ ክንዱን ያዘችው። «አንተ ሰው፣ ይሄን ሁሉ ስኳር በልቶ የማይነፋ ነገር አለ?»

«ዝም በይ በሞቴ። ክፍሉን እያተረፍኩ ነው።»

መጨረሻ ላይ ሸጋው ራሱ ቀበሌውን ወክሎ ለማጠቃለያ አንድ አንድ ጨመረ። ቡሹ ተመታ፤ የጥጥ መጠቅለያ ሽቦ ተጠመጠመበት።

በበዓሉ ቀን ሊቀመንበሩ ጠርሙሶቹን በጠዋት አስወጥቶ ሜዳው ላይ፣ የክብር እንግዳው ከሚናገርበት ጠረጴዛ ላይ አሰለፋቸው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አዛናው እርጥብ ጆንያ ይዞ ሮጠ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄን ላልብሳቸው፤ ይሞቃቸዋል።»

«ጆንያ ለብሶ ሪፐብሊክ አይመሠረትም» አለው ሸጋው፤ መለሰው።

የክብር እንግዳው ወፍራም፣ ካኪ ለባሽ፣ ንግግር የሚወድ ሰው ነው። «ጠላቶቻችን» አለ ጣቱን ወደ ድንበሩ ቀስሮ፣ «ባላሰብነው ቦታ አድፍጠው...»

ጧ!

ሚሊሺያው በሙሉ በደረቱ ተኛ። ጧ! ጧ! ጠርሙሶቹ ተራ በተራ ሄዱ፤ ማን ማንን እንደሚያስነሣ አይታወቅም። ከርከዴው የእንግዳውን ካኪ ከአንገት እስከ ወገብ አቀላው።

«ተመታሁ!» ብሎ ወደቀ። ወድቆም ከንፈሩን ላሰ፤ ፊቱ ላይ ትልቅ ግራ መጋባት ታየ፤ እንደገና ላሰ። ሚሊሺያዎቹ ለምን እንደሆነ ሳያውቁ ወደ ሰማይ ተኮሱ። ከድንበሩ ማዶ፣ በሱዳኗ ገላባት ላይ የሱቅ መዝጊያ ሲንኳኳ ተሰማ።

አዛናው ብቻ በሆዱ እየተሳበ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ፒንሳውን አወጣና የቀሩትን ጠርሙሶች ሽቦ አንድ በአንድ ቆረጠ። እያንዳንዱ «ፍሽሽ» ብሎ አረፋውን ወደ ላይ ሰደደ። ከሩቅ ያየው ሕዝብ ፈንጂ የሚያከሽፍ ጀግና መሰለውና እልል አለ። ከቸሩ ጆሮ ጥቂት መጫር በቀር የተጎዳ አልነበረም።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። እንግዳው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ፣ እጅጌው ገና እየተንጠባጠበ፣ «ማነው ይሄን የሠራው?» አለ።

ሸጋው ወደ አየሁሽ አየ፤ አየሁሽ ወደ ቸሩ፤ ቸሩ ወደ አቶ ገብረማርያም። አሻጥር ነው ቢባል ሁሉም ማኅበር አሻጥረኛ ሊሆን ነው። አደጋ ነው ቢባል ደግሞ እንግዳውን ጠላ መትቶት ወደቀ ተብሎ ለበላይ አይጻፍም።

«ርችት ነበር» አለ ሸጋው በመጨረሻ።

«ርችት?» አለ እንግዳው።

«ቀይ ርችት» አለ ቸሩ፤ ጆሮውን በመሐረብ ይዞ።

እንግዳው ትንሽ አሰበና ፊቱ ፈታ አለ። «ርችት እንደሆነማ እኔም አውቄዋለሁ። አወዳደቄም የትርዒቱ አካል ነው። ታዲያ ይሄ አደገኛ ነገር የት ነው የሚቀመጠው? በግለሰብ ጓሮ? አይሆንም! ክፍሉ ዛሬውኑ ይወረስ። ይቆለፍ። ያለ በላይ አካል ፈቃድ ማንም እንዳይገባ። ነገሩን የሚያውቅ ዘበኛ ይቀጠርለት።»

አዛናው ጥግ ላይ ቆሞ አንገቱን ደፋ፤ ክፍሉ ሄደ ማለት ነው። ቀና ሲል ግን አራት ጣት ወደሱ ተቀስሯል። ነገሩን የሚያውቅ ሌላ ማን አለ?

ስለዚህ ቁልፉን ጠዋት ለሸጋው አስረከበ፤ ከሰዓት መልሶ ተረከበው። ካፖርትና አሮጌ ጠመንጃም ታከለለት። የቀበሌው ሰው ያንን በር በሩቁ ዞሮ ያልፍ ጀመር፤ ልጆች እንኳ ድንጋይ አይወረውሩበትም። ውስጥ፣ በጨለማውና በቅዝቃዜው፣ ከርከዴ ያልነካው፣ በስኳር ያልተወከለ፣ ድቅድቅ ያለ ጥቁር ቢራ ተኝቶ ይሰክናል። አባ ሉካስ ገዳማቸው ውስጥ እንኳ ይህን ያህል የተጠበቀ በርሜል አይተው እንደሆነ እንጃ።

ኅዳር ላይ፣ የሰሊጥ ነዶ በሚወቃበት ሰሞን፣ ሸጋው ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ መጣ።

«ክፈት እስቲ። ልቆጣጠር።»

«ፈቃድ ይዘዋል?»

«እኔ ሊቀመንበሩ?»

«ማንም አይግባ ነው የተባለው። ያኔ ሲባል አጠገባቸው ቆመው ነበር።»

ሸጋው በሩን አየው፣ ጠመንጃውን አየው፣ ፀሐዩን አየው። ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እሺ፣ አልገባም። አንዷን ርችት ብቻ ወደዚህ አውጣልኝ።»

«አልደረሰም» አለው አዛናው፤ ጠመንጃውንም ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ።