የጎረቤቴ የጃፓን ድራም

ሥራዬ ልደታ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ማመልከቻ መተየብ ነው። ነፍሴ ግን ያለችው አሮጌ የጃፓን ድራም ገዝቶ ማደስ ላይ ነው። ቅዳሜ መርካቶ ምናለሽ ተራ ካልሄድኩ ሳምንቱ ያለቀ አይመስለኝም። ድሮ የቀበሌ ኪነት ቡድኖችና የሆቴል ባንዶች ይጫወቱባቸው የነበሩ ድራሞች ዝገት ለብሰው ከብረት ቁርጥራጭ ጋር የሚሸጡት እዚያ ነው። ገንዘብ ያለው አዲስ ይገዛል። እሰየው፣ ለእኔ ተረፉልኝ እላለሁ።

የኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ ይህን ፍቅር የለመደው ከእኔ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ከመዘምራኑ ጋር ድራም ይመታል። እጁ ከእኔ ይሻላል፤ ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ እየተከተለኝ መምጣት ከጀመረ ወዲህ ደስ ብሎኝ የሄድኩበት ቀን ጥቂት ነው።

አንድ ቅዳሜ ሙሉ ድራም አገኘሁ። ዕንቁ የሚመስል ቀይ ፕላስቲክ የለበሰ፣ በእግር ከሚመታው ትልቁ እስከ ትንሹ አንድም ያልጎደለው። ልቤ ድው ድው እያለ ፊቴን አኮሳተርኩ። ገበያ የሚያውቅ ሰው የወደደውን ዕቃ ያጥላላል፤ ዋጋው አልቀመስ ካለው ጥሎ ይሄዳል፤ ነጋዴውም "ና እንጂ፣ ምን ያጣድፍሃል!" ብሎ ይመልሰዋል። እኔም ጥዬ ሄድኩ። የጠራኝ ግን ነጋዴው ሳይሆን ጎረቤቴ ነው።

"ተውከው እንዴ?" አለኝ። ሌላ ሰው በሚገበያይበት ዕቃ ጣልቃ መግባት ነውር ስለሆነ ነው የጠየቀኝ።

ነጋዴው ጆሮውን ቀስሯል። እሱ እንዲሰማ ጮክ ብዬ፣ "ትቼዋለሁ! የበሰበሰ እንጨት ነው" አልኩ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ጎረቤቴ ሳይከራከር ከፍሎ ወሰደው። ያውም መኪና ላይ ስንጭነው በከባዱ በኩል የያዝኩት እኔ ነኝ።

ያን ሰሞን እህል አልጥም አለኝ። ቤታችን በግድግዳ ስለሚገናኝ ብሎን ሲፈታ፣ ብረት ሲወለውል እሰማለሁ። ዓይኔ ቀድሞ ያየው፣ እጄ ቀድሞ የነካው የእኔ ድራም ነው! ባለቤቴ፣ "ታዲያ ማን ትቼዋለሁ በል አለህ?" አለችኝ። ያን ቀን እሷንም ጠላኋት።

በሳምንቱ ጎረቤቴ በሬን አንኳኳ። ቆዳውንም ብረቱንም ፈትቶ ጨርሷል። "ወንድሜ፣ ለፋሲካ አደርሰዋለሁ ብዬ ለቤተ ክርስቲያን ቃል ገብቻለሁ። ውስጡ ግን የአይጥ ሽንት ይሸታል። በዱቄት ሳሙና ልጠበው? መቼም አንተ ታውቃለህ" አለኝ።

አውቃለሁ። የእነዚህ ድራሞች አካል ስስ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ሙጫው አርጅቷል፤ ውሃ ከነካው ይላላጣል። እኔ በደረቅ ብሩሽ ነው የማጸዳው። ይህን ለመናገር ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

"እጠበው፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ አስጣው" አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት በረንዳው ላይ ደርድሯቸው ውሃቸው ይንጠባጠባል። አጠገባቸው ቆሞ ልጁን እንዳጠበ አባት ፊቱ በርቷል። ያኔ እንኳ ቶሎ አድርቃቸው፣ ጥላ ውስጥ አግባቸው ማለት እችል ነበር። እንዴት አደርክ ብዬው ሥራዬ ሄድኩ።

ስመለስ ትልቁ ድራም መጋጠሚያው ላይ ተከፍቶ፣ ኮምፔንሳቶው እንደ ሽንኩርት ተልጧል። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ ለጥቂት ጊዜ ደስ አለኝ።

እሱ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ቀና ብሎ ሊያየኝ አፈረ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ። "አንተ በደንብ ነግረኸኛል፣ እኔ ነኝ ውሃ ያበዛሁት። እንዴት እንደወደድከው እኮ አይቻለሁ። ለእኔ ብለህ የተውክልኝን ዕቃ አበላሸሁት። እንዳትቀየመኝ።"

ቤት ገብቼ የእንጨት ሙጫና ገመድ ይዤ ወጣሁ። እኔ እየቀባሁ፣ እሱ ዙሪያውን እየጠፈረ እዚያው ደረጃው ላይ ሥራ ጀመርን። በየመሃሉ ቀና እያለ፣ "ተባረክ፣ ወንድሜ" ይለኛል።

"አሜን" እላለሁ።