ግድግዳ ላይ የተሰቀለችው ነርስ

ሰፈሩ በሙሉ «ሲስተር» ይላታል። ሠላሳ አንድ ዓመት በመንግሥት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሠርታ ጡረታ ከወጣች በኋላም ስሙ አልለቀቃትም። ባሏ እንኳ እስከ መጨረሻው ድረስ «ሲስተር፣ መነጽሬን አየሽው?» ነበር የሚላት። አጠር፣ ደረቅ ያለች ሴት ናት፤ ስትራመድ ትፈጥናለች፣ ስትናገር ትቆጥባለች። ጣቱን የቆረጠ ልጅ፣ ግፊቱን መለካት የፈለገ ሽማግሌ፣ መርፌ የታዘዘለት ጎረቤት፣ ሁሉም ደረጃውን እያለከለከ ይወጣና በሯን ሳያንኳኳ ይገባል። ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሕንፃው ሊፍት የለውም።

ይህ ደረጃ ባሏ የታመመ ጊዜ ትልቅ ነገር ሆኖ ነበር። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ ሲያቆሙ በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት ሆስፒታል መድረስ ነበረበት፤ እግሮቹ ደግሞ አንዱን ደረጃ እንኳ አይወርዱም። ያን ጊዜ የደረሰላቸው የባሏ የእህት ልጅ ነው። ሁለት ሚኒባስ ነበሩት። ዓመታት ሰው ሲያመላልስባቸው ኖሮ አንድ ቀን ወንበሮቹን አስነቅሎ ቃሬዛ አስገጠመ፣ ጣራቸው ላይ ቀይ መብራት ተከለ፣ ጎናቸው ላይ «አምቡላንስ» ብሎ አስጻፈ። አጎቱን በጀርባው አዝሎ ያወርዳል፣ ሲመለሱም አዝሎ ይወጣል። አሥራ አራት ወር ሙሉ አንድም ቀን አልቀረም። ስለ ክፍያ ሲነሳበት ይቆጣ ነበር፤ «አጎቴን ነው የጫንኩት፣ ደንበኛ አይደለም።»

መመሪያው የወጣው በዚህ መሐል ነው። ማንኛውም የግል አምቡላንስ በተሳፈረው በሽተኛ አጠገብ የሙያ ፈቃድ ያለው ሰው ሳይኖር እንዳይንቀሳቀስ፣ የባለሙያውም ፈቃድ በቢሮው ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል የሚያዝ ነው። የእህት ልጅ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ ነው» አለ ጫማውን እያየ። «የሙያ ፈቃድሽን። ለጥቂት ወር ብቻ። ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ አንቺ ከቤትሽ አትነቃነቂም። ሰው እስካገኝ ነው።»

«ከኋላ ማን ይሳፈራል?»

«እየፈለግሁ ነው እኮ የምልሽ።»

ከመኝታ ክፍሉ ባሏ ሲያስል ተሰማ። ማግሥቱ የእጥበት ቀን ነው። ውለታ የዋለልህን ሰው እምቢ ለማለት አንደበት ያስፈልጋል፤ ሲስተር ያን ቀን አንደበት አጣች። ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥታ ሰጠችው።

ባሏ ከስምንት ወር በኋላ ሞተ። ጥቂት ወር የተባለው ሁለት ዓመት ሆነ። ረሳችው ማለት ልክ አይሆንም፤ እንዳታስታውሰው ትጠነቀቅ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ረፋዱ ላይ ከምድር ቤቱ የልብስ ስፌት ሱቅ ጩኸት ተሰማ። ሲስተር ስትደርስ ልብስ ሰፊዋ፣ ሃያ ዓመት አብራት የኖረች ጎረቤቷ፣ የስፌት መኪናውን እግር ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። አፏን ከፍታ አየር ትለምናለች፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። እግሮቿ ማበጥ ከጀመሩ ሰንብተዋል፤ ሐኪም ቤት ሂጂ በተባለች ቁጥር «ይህን ሥራ ልጨርስና» ትል ነበር። ልቧ ነው። ሲስተር ወደሚቀርበው አምቡላንስ ደወለች። የሚቀርበው የባሏ የእህት ልጅ መኪና ነው።

መኪናው በአሥራ ሁለት ደቂቃ ደረሰ። ሹፌሩን ሰው «ቀስ በሉ» እያለ ይጠራዋል፤ ቃሬዛ ለሚያነሱ ሁሉ የሚናገራት ቃል እሷ ስለሆነች፣ አነዳዱም ስለሚመስላት ነው። ትከሻው የወረደ፣ ከንፈሩን ሳይከፍት የሚስቅ ጎልማሳ ነው። ሲስተር የግፊት መለኪያዋን ይዛ ከቤቷ እስክትመለስ እሱና ሁለት የሱቁ ደንበኞች ልብስ ሰፊዋን አስገብተው በጀርባዋ አስተኝተው በቀበቶ አስረዋት ነበር።

«ነርሷስ?» አለች ሲስተር አንገቷን ወደ ውስጥ አስግጋ።

ቀስ በሉ ከፊት ወንበር ላይ የጉዞ ቅጹን አንስቶ አቀበላት። የታርጋ ቁጥር፣ የተነሱበት ሰዓት፣ የሹፌር ስም። ከሥሩ «አብሮ የተጓዘ የጤና ባለሙያ» በሚለው መስመር ላይ የእሷ ባልሆነ ክብ ክብ ጽሕፈት የእሷ ሙሉ ስም ተጽፏል። ተፈርሟልም።

«እርስዎ ነዎት እኮ፣ ሲስተር» አለ። እየቀለደ አልነበረም።

ወረቀቱን መልሳለት ገባች። በመጀመሪያ ቀበቶዎቹን ፈታች። የቃሬዛውን ራስጌ ቀና የሚያደርገው እጀታ ተነክቶ ስለማያውቅ ዝጎ ነበር፤ በተረከዟ ሁለት ጊዜ መትታ አስነሳችው። ልብስ ሰፊዋን ቀና አድርጋ አስቀመጠች፣ ከጀርባዋ ብርድ ልብሱንና የሹፌሩን ጃኬት ጠቀጠቀች፣ እግሮቿን ወደ ታች አወረደች። የኦክስጅኑ ጠርሙስ ሙሉ ነበር። ጭምብሉ ግን ከፋብሪካ እንደወጣ በላስቲኩ ውስጥ ነው። ላስቲኩን በጥርሷ ቀደደችው።

«ቀስ በሉ» አለች፣ «ዛሬ ቀስ አትበል።»

መንገድ አጋማሽ ላይ የልብስ ሰፊዋ ከንፈር ቀለም መያዝ ጀመረ። የሲስተርን እጅጌ ጨምድዳ ይዛለች።

«ልሞት ነው?» አለች በጭምብሉ ውስጥ።

«የኔን ቀሚስ ሳትጨርሺ? የት አባትሽ ትሄጃለሽ።»

ሆስፒታል አስረክበው ሲወጡ ቀስ በሉ ግቢው ውስጥ ቃሬዛውን ማጠብ ጀመረ። ሲስተር የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

«ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሲገጥምህ እስከ ዛሬ ምን ታደርግ ነበር?»

«አስሬ እነዳለሁ።»

«በጀርባው?»

«ቃሬዛው እንደዚያ ነው የተዘረጋው። ሌላ አለው ያለኝ የለም።»

«ከኋላስ ማን አለ?»

«ዘመድ ካለ ዘመድ። ከሌለ እኔው በመስታወት አያለሁ።» ጨርቁን ጨመቀ። «ልነግርዎ ስንቴ ደረጃውን ወጥቻለሁ መሰለዎት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ እመለሳለሁ።»

«ምን ይመልስሃል?»

«አምስት ልጅ።»

ሲስተር ራሷን ነቀነቀች። ኋላ ስታወራው፣ በዕድሜዋ ካገኘቻቸው ደግ ቃሎች አንዱ ቦታዋን ያሳያት «እርስዎ ነዎት እኮ» የሚለው እንደሆነ ትናገራለች። ያን ዕለት ግን ያለችው «ወደ ቢሮ ውሰደኝ» ብቻ ነው።

ቢሮው አንድ ጠባብ ክፍል ነው፤ ጠረጴዛ፣ ስልክ፣ ሦስት ወንበር። ፈቃዷ በመስታወት ተለብጦ ከስልኩ በላይ ተሰቅሏል፤ ጥግ ላይ ያለው ፎቶግራፍ የሠላሳ ዓመት ወጣት ያሳያል። የጉዞ ቅጾቹን አስወረደችና መነጽሯን አድርጋ ከመጀመሪያው ጀመረች። ስሟ በሁሉም ላይ አለ። ሁለቱ መኪኖች በአንድ ሰዓት ከተማዋን ለሁለት ተካፍለው ሲሄዱ እሷ ሁለቱም ውስጥ ነበረች። ጉንፋን ጥሏት በተኛችበት ሳምንት ሃያ ሁለት ሰው አመላልሳለች።

አንዱ ቅጽ ላይ ስትደርስ ቆመች። ቀኑ ረቡዕ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት። ባሏ የተቀበረበት ቀንና ሰዓት ነው። እሷ መቃብሩ አፋፍ ላይ በሁለት ሰው ተደግፋ ቆማ ሳለ በወረቀቱ ላይ አንድ ሽማግሌ ከሆስፒታል ወደ ቤታቸው እያደረሰች ነበር።

ቀስ በሉን ጠራችው። «እኚህ ሰው ትዝ ይሉሃል?»

አየው። «ይሉኛል። በር ላይ ውሻ የነበራቸው።»

«ደህና ገቡ?»

«ገቡ። ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ነበር።»

«ተመስገን» አለች።

ከዚያ በኋላ ሌሎቹን እያነሳች ጠየቀችው። ይህችስ? ገባች። ይኼስ? እሱ መንገድ ላይ እስከ መዝፈን ደርሶ ነበር። አብዛኞቹ ደህና ነበሩ፤ በእያንዳንዱ ላይ ቀስ ብላ «ተመስገን» ትላለች። ሦስቱ ላይ ግን ቀስ በሉ አቀረቀረ። «አስረከብኩ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅሁም።» ሦስቱንም ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር። ሲስተር ሦስቱን ቅጾች ለብቻ አስቀመጠች።

የእህት ልጅ ሲገባ አሁንም እዚያው ናት። ቅጾቹን አየ፣ እሷን አየ፣ በሩን ዘጋ።

«ሰኞ ተቆጣጣሪ ይመጣል» አለ። «እንደ አምናው ወረቀት አይቶ ይሄዳል። እትዬ፣ እስከዚያ እንዳላየሽ ሁኚልኝ።»

«ከነገ ጀምሮ እሳፈራለሁ።»

ፊቱ በራ። «ከተሳፈርሽማ ምን ቀረ!»

«ሁለተኛዋ መኪና ሰው እስኪገኝላት ትቆማለች። ስላለፈው ከጠየቀኝም እነግረዋለሁ።»

የበራው ፊቱ ጠፋ። «ይዘጉኛል እኮ። ያንቺንም ፈቃድ ይነጥቁሻል። ሠላሳ ዓመት የደከምሽበትን።» ከዚያ ሊናገረው ያልፈለገውን ተናገረ። «አጎቴን በጀርባዬ ያወረድኩት ለዚህ ነው?»

ሲስተር መነጽሯን አወለቀች።

«ውለታህን የምረሳበት ቀን አይምጣ። ግን እሱን ስታወርደው ከኋላህ ማን ነበር? አንገቱን የምደግፈው እኔ ነበርኩ። ደህና ይደርስ የነበረው ለሁለት ስለያዝነው ነው። የእነዚህን አንገት ማን ያዘ?»

የእህት ልጅ በሩን ከፍቶ ወጣ።

ዓርብም፣ ቅዳሜም፣ እሑድም ተሳፈረች። ሁለተኛዋ መኪና ግን መሄዷን አላቆመችም።

ተቆጣጣሪው ሰኞ ጠዋት መጣ፤ እስክሪብቶውን ከጆሮው በላይ የሚሰካ፣ ሁሉን ነገር በጣቱ ነክቶ የሚያይ ሰው ነው። የእሳት ማጥፊያውን ነካ፣ ጎማዎቹን ነካ፣ የኦክስጅኑን ጠርሙስ ነካ። ከዚያ ተቀምጦ ቅጾቹን አገላበጠ። ቀና ብሎ ፎቶግራፉን፣ ዝቅ ብሎ ሲስተርን አየ።

«እዚህ ሁለቱም መኪና ላይ በአንድ ሰዓት እርስዎ ነዎት» አለ። «እንዴት ይችሉታል?»

የእህት ልጅ አፉን ከፈተ። ሲስተር ቀደመችው።

«አልችልም። የሄድኩት ከሐሙስ ወዲህ ነው፤ ዘጠኝ ጉዞ። ሌላው የእኔ ፊርማ አይደለም። ወረቀቱን የሰጠሁት ግን እኔ ነኝ። አልተሰረቀብኝም፣ አልተታለልኩም። እንዲህ ብለህ ጻፈው።»

ተቆጣጣሪው እስክሪብቶውን ከጆሮው ላይ አወረደና ብዙ ጻፈ።

ውሳኔው ከሦስት ሳምንት በኋላ ወጣ። መኪኖቹ ባለሙያ እስኪቀጠርላቸው ታገዱ፤ ድርጅቱ ቅጣቱን ከፍሎ በጥብቅ ክትትል እንዲሠራ ተፈቀደለት። የሲስተር ፈቃድ ለአራት ወር ታገደ፤ ለመመለስም የማደሻ ሥልጠና መውሰድ አለባት። የእህት ልጅ ከዚያ ወዲያ ስልኳን አላነሳም። ግን አንዲት ነርስና አንድ የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሺያን መቅጠሩን ቀስ በሉ ነገራት።

ሥልጠናውን ልጆቿ ሊሆኑ ከሚችሉ ሰዎች ጋር ወሰደች። ከፊት ትቀመጣለች፣ ትጠይቃለች። ሠላሳ ዓመት ትክክል ነው ብላ የያዘችው አንድ ነገር ስህተት መሆኑን እዚያ ተማረች፤ ለአስተማሪዋም ተነስታ እጅ ነሳች። ልብስ ሰፊዋ በበኩሏ በዘጠነኛው ቀን ከሆስፒታል ወጥታ፣ የእግሯ እብጠት ጎድሎላት፣ ወደ ሱቋ ተመልሳ ነበር። በቀሚሱ ፈንታ ጥቁር ሰማያዊ የሥራ ካፖርት ሰፋችላት።

«ደረቱ ላይ ስምሽን ልጥለፍበት?» አለቻት።

«ስሜ ያልተጻፈበት ቦታ የለም። ኪስ ጨምሪበት።»

አራት ወሩ ሲያልቅ የእህት ልጅ ደረጃውን ወጥቶ መጣ። ፈቃዱ የነበረበትን ባዶ ፍሬም በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟል። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ልስቀለው ወይስ…»

«መመሪያው ስቀል ይላል፣ ስቀለው። እኔ ግን መኪናው ውስጥ ነኝ።»

ራሱን ነቀነቀ። «አዲሷ ነርስ ባለፈው ሳምንት አንድ ሕፃን መንገድ ላይ አተረፈች። ከኋላ ማንም ባይኖር ኖሮ…» አልጨረሰውም። «ደክሞኝ ነበር፣ እትዬ። ሁለት ዓመት ስልኩ በጮኸ ቁጥር እደነግጥ ነበር። አሁን እተኛለሁ። አጎቴ ቢኖር ምን ይለኝ ነበር?»

«መነጽሬን አየኸው ይልህ ነበር።»

ሁለቱም ሳቁ። እሷ ቶሎ ተነስታ ወደ ማድቤት ገባች፤ ስትመለስ ዓይኗን ጠራርጋ ነበር።

በመጀመሪያው የሥራ ቀኗ ቀስ በሉ ቅጹንና እስክሪብቶውን አብሮ አቀበላት። ስሟን በራሷ እጅ ጻፈች። ከቅጹ ግርጌ ባዶ የቀረ መስመር ነበር፤ እዚያ ላይ «ደህና ገቡ?» ብላ አከለችበት። ዛሬ ሁሉም ቅጽ ላይ አለ፤ ሹፌሮቹ በማግሥቱ ደውለው ሳይጠይቁ አይሞሉትም።

አንድ ማክሰኞ ቀስ በሉ ካርታ እንደጠፋበት ሰው እየተቅበዘበዘ መጣ። በዕረፍት ቀኑ ከሦስቱ ቅጾች አንዱ ላይ ያለውን አድራሻ ሲፈልግ ውሎ ነበር።

«አገኘኋት» አለ። «ከሦስቱ አንዷን።»

ሲስተር ጓንቷን ማጥለቋን አቆመች። «ደህና ናት?»

«በር የከፈተችልኝ ራሷ ናት። ያን ቀን ከኋላ አብሮሽ ማን እንደነበረ ታስታውሺያለሽ ብላት ‹ማንም አልነበረም፣ ሹፌሩ ግን በመስታወት አሥር ጊዜ አየኝ› አለችኝ።»

«ተመስገን» አለች ሲስተር። ካፖርቷ ኪስ ውስጥ እጇን አስገብታ ሦስቱን ቅጾች አወጣች፣ የሴትዮዋን ቅጽ ግርጌ «ደህና ገባች» ብላ ጽፋ ፈረመች፣ የቀሩትን ሁለቱን መልሳ ከተተች። «ሁለት ቀሩን። ንዳ።»