ከጫልቱ አንጎል ላይ የጠፋው ነጭ ክፍል

ዛሬ ጠዋት ሶፍትዌሩ የጫልቱን አንጎል ነጭ ክፍል ለይቶ ሲያወጣ፣ ከግራ ጆሮዋ በላይ ትልቅ ቀዳዳ አሳየኝ። ደነገጥኩ።

ጫልቱ አኖ ከተማ የምታስተምር የሂሳብ መምህርት ናት። ለጥናታችን ፈቃደኛ ሆና አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ ኤምአርአይ ተነስታለች። ምስሉን ነቀምቴ ቁጭ ብዬ የምመረምረው እኔ ነኝ።

ነጩ ክፍል የአንጎልን አካባቢዎች የሚያገናኙት መስመሮች የሚያልፉበት ነው። እዚያ ላይ ቀዳዳ ሲታይ ሰው ክፉ ክፉውን ነው የሚያስበው።

የሶፍትዌሩን ቅንብር ሦስት ጊዜ ቀያየርኩ። ቀዳዳው ንቅንቅ አላለም። (በኦሮምኛም በአማርኛም ሰድቤዋለሁ፤ አልሰማኝም።)

በመጨረሻ ሶፍትዌሩ ያልነካውን ዋናውን ምስል ከፈትኩ። ለካ ጥቁረቱ የሚጀምረው ከአንጎሏ ሳይሆን ከራስ ቆዳዋ ነው! ከውጭ ወደ ውስጥ እንዲህ የሚያጠቁር ምን ዓይነት በሽታ ነው? ደወልኩላት።

«አካም ጫልቱ! ኤምአርአይ የተነሳሽ ቀን ፀጉርሽ ላይ ብረት ነበር እንዴ?»

«ኧረ ሁሉንም አውልቄያለሁ ወንድሜ። ጉትቻውንም፣ ፒኑንም... ወዮ! ሂውማን ሄሬን የያዘችው ክሊፕ!»

ያቺ ቅጥል ፀጉሯን የያዘች የብረት ክሊፕ ምስሉን ስላጠቆረችው፣ ሶፍትዌሩ ነጩን ክፍል «የለም» ብሎ ዘሎታል።

«ታዲያ አንጎሌ ደህና ነው?» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ቀዳዳው የክሊፗ ነው። ግን እሷ የሸፈነችውን ስላላየን እንደገና ትነሻለሽ» አልኳት። በረጅሙ ተነፈሰች፤ እኔም።

እናንተስ፣ ማሽኑን ስትወቅሱ ውላችሁ መልሱን አንድ ስልክ ደውላችሁ ያገኛችሁበት ቀን አለ? እስቲ አውሩኝ።