ጭነት የሌላት መኪና

ጋራዥ ውስጥ «ባሌስትራ» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጡለት ባልደረቦቹ አልዋሹበትም፤ የጭነት መኪና እጁ ከገባ ከስሩ ጭነት በሚሸከመው ባሌስትራ ላይ ተጨማሪ ብረት ሳይደርብበት አይለቅም። «መኪና የሚሞተው ሲለሰልስ ነው» ይላል። የገዛ ፒክአፑንም እንደዚያው አጠጥሮ ዕድሜ ልኩን ሚስቱን ሲያንገጫግጭባት ኖሯል።

ጡረታ ሲወጣ መጫወቻ መኪና ያዘ። ምን ያስቃል! በሪሞት የምትነዳ፣ ከጫማ ካርቶን የማትበልጥ፣ ግን እንደ ትልቅ መኪና በየጎማዋ መንገጫገጭ የሚያበርድ፣ ሞላና ዘይት ያለው ሾክ አብዞርበር የተገጠመላት ናት። እሁድ እሁድ ሜዳው ላይ ከጎረቤቱ ከልብስ ሰፊው ጋር ይወዳደራል፤ እሁድ እሁድ ይሸነፋል።

በዚያ ሰሞን ልጃቸው አውቶቡስ የማይደርስበት ቦታ ወለደች። የመጀመሪያ የልጅ ልጅ! ሚስቱ ሕፃኑን ለማየት ብትጓጓም መንገዱን ስታስብ ወገቧን ትይዛለች። «በዚያች ፒክአፕህ ከምሄድ ይቅርብኝ» ብላ ቁርጡን ነገረችው። እሱም «እርጅና ነው» ብሎ አለፈው።

ቅዳሜ ከሰዓት ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፎ የመጫወቻዋን ሾኮች ፈታ። ዘይቱ እንዳያፈስ የሚይዙትን ያረጁ ጎሚኒዎች ለወጠ፣ ዘይት ሞላ፣ አረፋው እስኪወጣ ዘንጉን ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ አደረገ። እስከዚህ እጁ ይባረክ ያሰኛል። ግን አመሉ አይለቅ፣ የገዛው ወፍራሙን ዘይትና ጠጣሩን ሞላ ነበር። ከጉልበቱ ከፍታ ቢለቃት መሬት ነክታ እንደ ፌንጣ ዘለለች።

ልብስ ሰፊው በር ላይ ቆሞ አየ። «ኧረ አንተ ሰው፣ ምን ልትጭንባት ነው? ሲሚንቶ?» አለና ከኪሱ ቀጭን ዘይትና ለስላሳ ሞላ አወጣ። «እንካ፣ አንተን ማሸነፍ ሰለቸኝ።»

ባሌስትራ እያጉረመረመ ቀየረ። አሁን ሲለቃት ዝቅ አለች፣ ቀስ ብላ ተነሳች፣ ረጋች።

ሚስትየው ከጓዳ ወጥታ ታይ ኖሯል። «እንዲህም ማድረግ ይቻላል?» አለች።

«አዎ፣ ጭነት ለሌላት መኪና እኮ...»

«እኔስ ሲሚንቶ ነበርኩ እንዴ?»

ልብስ ሰፊው ነገሩ ሲከር አይቶ ሹልክ አለ።

ባሌስትራ መፍቻውን ይዞ ወጣ፤ ፒክአፗ ስር በጀርባው ተንጋሎ የደረበውን ብረት ፈታ። ሲጨርስ ሚስቱን ጠርቶ አሳፈራትና ሰፈሩን ዞሩ። መንገዱ ላይ ካለው ጉድጓድ ሲደርሱ እንደ ልማዷ ወገቧን ጨብጣ ዓይኗን ጨፈነች። ፒክአፗ ዝቅ ብላ ተነሳች፣ አለፉ።

ዓይኗን ገለጠች። «ይህን ሁሉ ዘመን እንዲህ ይቻል ነበር!» አለችና አለቀሰች።