እህቴ በሰው እጅ የላከችው ክኒን

ያ እሁድ እስኪመሽ ድረስ እንደ ሌላው እሁድ ነበር። ከቤተክርስቲያን ተመልሰን ጀሞ ያለው ኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ስር ደረስን። የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ነው። ታላቅ ወንድሜ የሚኒባስ ታክሲ ሹፌር ነበር። ወላጆቻችን ካረፉ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። ስኳር ከያዘው ቆይቷል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ሲራመድ ባቱን ያመዋል፤ ሲቆም ይለቀዋል። ስለዚህ ደረጃውን የሚወጣው በየፎቁ እየቆመ ነው።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንደለመደው የደረጃውን ብረት ይዞ ቆመ። ልብስ ታሰጣ የነበረች ጎረቤታችን አየችው።

«ሹፌሩ፣ እዚህ ፌርማታ የለም እኮ!»

«ሰው ሳልሞላ አልነሳም» አላት። ሳቀች። እሱም ሳቀ። ፊቱ ግን በላብ ርሶ ነበር።

ምሳ እንደበላን የማግኒዚየም ክኒኑን ብልቃጥ አመጣ። አንድ ፍሬ ብቻ ቀርቷል። የምትልክለት ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራው እህታችን ናት። አሠሪዋም ስኳር አለባቸው፤ ይህንኑ ይወስዳሉ። ሐኪሙም የወንድሜን ደም አስመርምሮ ማግኒዚየሙ ዝቅ ማለቱን ነግሮታል። ስኳር ያለበት ሰው ላይ ያጋጥማል፣ ውሰደው አለው። ግን ሌላም ነገር ብሎ ነበር። አብሬው ስለተቀመጥኩ ሰምቻለሁ።

«ይሄ የጎደለውን ይሞላል እንጂ የጠበበ ደም ስር አይከፍትም። የእግርህን ደም ስር በአልትራሳውንድ መታየት አለብህ። እግር ላይ ከጠበበ ልብም ላይ ሊኖር ይችላል።»

ወንድሜ የያዘው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ክኒኑን ከጀመረ ወዲህ፣ ተኝቶ እያለ እግሩን ጨምድዶ የሚይዘው ነገር ቀለል ብሎለታል። ደም ስሩም እየተከፈተ መሰለው።

«ጋሼ፣ ነገ ሄደን እግርህን እናሳይ» አልኩት።

«አንተ ልጅ፣ እህትህ የላከችው መጥቷል። ጎፋ ነው ያለው። እሱን ልጨርስና ካልተሻለኝ ራሴ ነኝ የምወስድህ።»

«እኔን ምን ልታደርገኝ?»

«ወረፋ ልትይዝልኝ ነዋ!» አለና በትራስ መታኝ።

ከዚያ የመጨረሻዋን ፍሬ ዋጣት።

አመሻሽ ላይ ዳቦ ልግዛ ብሎ ተነሳ። እኔ እሄዳለሁ ስለው፣ እግሬን ላፍታታ አለ። ሲመለስ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆመ። ጎረቤት ጮኾ ጠራኝ። ወርጄ ሳየው ደረቱን ይዞ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ዳቦው ጭኑ ላይ ነው።

«እግሬ አይደለም» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።

ተሸክመነው ወረድን። በራሱ ታክሲ፣ ረዳቱ እየነዳ ሆስፒታል ወሰድነው። ወደ ውስጥ ሲያስገቡት እኔን በር ላይ አስቀሩኝ። ኮሪደሩ ላይ ተንበረከክሁ። ጌታ ሆይ፣ እግሩን ውሰድ፣ ሁለቱንም ውሰድ፣ እሱን ግን ተውልኝ አልኩ። እንዲህ ጸልዬ አላውቅም። ሐኪሟ ወጥታ አጠገቤ ቁጢጥ ስትል ገባኝ። ልቡ ነው አለችኝ።

ጠዋት ድንኳን እየተተከለ ኪሴ ውስጥ የነበረው የወንድሜ ስልክ ጠራ። መድኃኒቱን ከዱባይ ያመጣችው ሴት ናት። ከሰዓት ወደ ሐዋሳ ስለምሄድ አሁን ኑና ውሰዱ አለች። አጎቴ ወደ ጎን ሳበኝ።

«ሂድና ተቀበል። ምንም እንዳትናገር። እህትህ በሰው አገር ብቻዋን ናት፤ መርዶ በስልክ አይነገራትም። እዚያ ያሉት የጸሎት ኅብረቷ ሰዎች ያለችበት ሄደው፣ ይዘው ነው የሚነግሯት።»

«አልችልም አጎቴ።»

«ካልሄድክ ሴትየዋ ትደውልላታለች። ያን ጊዜስ?»

ፊቴን ታጥቤ ሄድኩ። ሴትየዋ በር ላይ ጠበቀችኝ። ሁለት ብልቃጥ ሰጠችኝ።

«ወንድምህን ተሻለው?»

«ደህና ነው።»

«ቆይ፣ እህትህ መድኃኒቱ ሳይደርስ እንዳትሄጂ ብላኛለች» አለችና ደውላ ስልኩን ሰጠችኝ። ስክሪኑ ላይ የእህቴ ፊት መጣ። ስልኩን ቶሎ ወደ መሬት ደፋሁት።

«ፊትህን አሳየኝ እንጂ!»

«ኔትወርኩ አስቸገረ።»

«እሱ ለምን አልመጣም?»

«ሥራ ላይ ነው።»

«እሁድንስ አረፈ?»

«አዎ።»

«በል፣ ከምግብ በኋላ ይዋጠው። ለአንድ ቀን እንዳይዘል። ሲያልቅ ሌላ እልካለሁ በለው፣ እሺ?»

«እሺ» አልኩ። ስልኩን ለሴትየዋ መለስኩላት።

ስመለስ ድንኳኑ በሰው ሞልቷል። ብልቃጦቹን ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከትቼ ተቀመጥኩ፣ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ። ለቅሶ ደራሽ በገባ ቁጥር እነሳለሁ። ስነሳ ክኒኖቹ ይንኳኳሉ። ሰው እንዳይሰማቸው በሁለት እጄ ጨብጬ ያዝኳቸው። ጌታ ያጽናህ እያሉ ሲያቅፉኝ እጄን ከኪሴ አላወጣሁም።