ጠርሙስ ያለበት ሥዕል

ወንድሟ የሚነዳው አውቶቡስ ከድልድዩ ላይ የወደቀ ዕለት፣ ሬሳው ከውሃ ወጥቶ ሳያልቅ ሰፈርተኛው ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሶ ነበር። «ሾፌሩ ሰክሮ ነበር አሉ።» ማን አለ? አሉ ነዋ! ወሬውን መጀመሪያ በስልኳ የለቀቀችው ሰፈሩ «ሬዲዮ» የሚላት ጎረቤታቸው ናት። ሬዲዮስ ሲዘጉት ይዘጋል።

ሟቹ ጨጓራው አልችል ብሎት መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም። ከወራት በኋላ መርማሪዎቹም የፍሬኑ ቱቦ ተበጥሶ እንደነበር ጽፈው አወጡ። ማን ሊያነበው? ፍሬን እንደ ስካር አይጥምም። ሰፈሩም ያን ጊዜ ሌላ የሚያኝከው ሰው አግኝቶ ነበር።

እህትየው ሠዓሊ ናት። ለልጆች መማሪያ መጽሐፍ ዶሮና ኳስ ስትስል የኖረችው ሴት ነገሩን ሁሉ በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ ልታደርገው ቆርጣ ተነሣች። ሳሎኑ ውስጥ መስኮት ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ በእርሳስ ትነድፋለች፣ በቀለም ትደግመዋለች፤ ፊት የምትስለው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። ለሰፈሯ ሰው አልራራችም። የሰመጠ ሰው እጁን ሲዘረጋላቸው እነሱ ስልካቸውን ሲዘረጉ አድርጋ ሳለቻቸው። ደግ አደረገች!

እናቷ የለመነቻት አንድ ነገር ብቻ ነበር። መጽሐፉ መሃል ላይ ሁለት ሥዕል ጎን ለጎን ያለበት ገጽ አለ። በአንደኛው ወሬው የፈጠረው ሾፌር አንድ እጁ መሪው ላይ ነው፣ በሌላው ጠርሙስ ጨብጧል። በሁለተኛው እውነተኛው ሾፌር በሁለት እጁ መሪውን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ እምቢ ያለውን ፍሬን ይረግጣል።

«ጠርሙሱን ተይው ልጄ፤ በሞቴ።»

«እማዬ ደግሞ! ውሸቱን ካላዩት ውሸት መሆኑን በምን ያውቃሉ? እውነቱ አጠገቡ አለ እኮ።»

«አጠገቡን ማን ያያል?»

ሐዘን ያናገራት መስሏት አለፈችው። ደግሞም ያንን ባለጠርሙስ ሥዕል መሰረዝ አልሆነላትም። ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ስንት ጊዜ ሞክራ ያመለጣት መልኩ የመጣላት እዚያ ላይ ነው፤ በንዴት ስትስለው ቁርጥ እሱን ሆነ።

መጽሐፉ ሲመረቅ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሁሉም መጽሐፉ ውስጥ ጎረቤቱን አገኘው፤ ራሱን ያገኘ ግን አንድም ሰው የለም። ሬዲዮ የገዛ መነጽሯንና የገዛ አፏን ፊት ለፊት እያየች፣ «ወይ ጉድ! ይቺ ወሬኛ ባለሱቋ አይደለችም?» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ሁለት ሥዕል ካለበት ገጽ አንዱን ብቻ አነሣች።

ሳይመሽ ጠርሙሱ ከስልክ ስልክ ይዞር ጀመር፤ «እህቱ ራሷ አመነች!» የሚል ተጽፎበታል። እንኳን መጽሐፉን የገለጠ፣ አጠገቡ ምን ነበር ብሎ የጠየቀም ጠፋ። ሬዲዮ ለእናትየዋም ላከችላት፣ ያውም ከሚያለቅሱ ፊቶች ጋር።

ሠዓሊዋ የእናቷ እግር ላይ ልትወድቅ እየሮጠች ቤት ስትገባ እናትየዋ መቀስ ይዛ ተቀምጣለች። ባለጠርሙሱን ገጽ ከመጽሐፉ አውጥታዋለች።

«መልኩን አግኝተሽዋል» አለቻት ቀና ሳትል።

ጠርሙሱን ስትቆርጥ የጨበጠው እጅም እስከ ክርኑ አብሮ ሄደ። የቀረውን ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። ልጅቷ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

በማግስቱ ሬዲዮ ልታጽናና ብላ መጣች፤ ዓይን አውጣ!

«እትዬ፣ እኔ እኮ የላኩልዎት እንዲያውቁት ብዬ ነው። ሰው ክፉ ነው» አለች ወንበር እየሳበች። ዓይኗ ግድግዳው ላይ አረፈ። «ውይ! አንድ እጁ የት ሄደ?»

«እናንተ ጋ ነው» አለች እናትየዋ። «ስትጨርሱበት መልሱልኝ።»

ሬዲዮ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች፤ ገና ከበሩ ሳትርቅ ስልኳን አውጥታ ጻፈች፦ «እናትየውም አእምሯቸው ተነክቷል አሉ።»